ፊቴ ስልክ ውስጥ የገባበት ሴሚስተር

ሰኞ

ስብሰባ ነበረን። ዳይሬክተራችን ከረባት አስሮ ሲመጣ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ ከረባት ያሰረ ቀን ወይ እንግዳ አለ ወይ መመሪያ አለ። ዛሬ መመሪያ ነው። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የሳይንስ ትምህርት ግማሹ በስልክ ይሰጣል አለን። መማሪያ ክፍል ስለማይበቃ ተማሪው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛ ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ ቀርጸን አንድ አፕ ላይ እንጭናለን፤ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያያል። አፑ ደግሞ ማን እስከ መጨረሻው እንዳየ፣ ማን መሀል ላይ እንዳቋረጠ ይቆጥራል። ሴሚስተሩ ሲጋመስ ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው ትምህርቱን ያልጨረሰለት መምህር ክፍሉን ይለቃል። በእሱ ፋንታ ዋናው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ቪዲዮ ይገባል፤ መምህሩ የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ይሆናል።

"ጠባቂ" ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ወይም መስሎኝ ነው።

የኮምፒውተር መምህሩ፣ እኛ "ኮምፒውተሩ" የምንለው እሳት የላሰ ልጅ፣ ተነሥቶ አብራራልን። ትምህርቱ የሚቀመጠው ደመና ላይ ነው አለ። ደመና! ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ ሳስተምር ደመና ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ዝናብ ሆኖ ሲወርድ ነው የማውቀው።

ማታ ለሹፌሩ ነገርኩት። ሹፌሩ ማለት ባሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ዘንድሮ ጡረታ ወጣ፤ አውቶቡሱን ቢያስረክብም ስሙን አላስረከበም። ጫማውን መወልወሉን ገታ አድርጎ አዳመጠኝና፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለኝ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን ጫማ በየቀኑ ይወለውለዋል። የትም አይሄድበትም፤ ጫማው ግን ያበራል።

ረቡዕ

ቀረጻ ሞከርኩ። ከንቱ ድካም።

ስልኩን መጻሕፍት አስደግፌ አቆምኩት፤ ትንሿን ሰሌዳ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። "እንደምን ዋላችሁ ተማሪዎች" አልኩ። ማን ይመልስ? ከዚያ ቃል ጠፋኝ። በእንቅልፍ ልቤ የማስተምረው ትምህርት እኮ ነው! ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ለካ ለሚበላው ብቻ ሳይሆን ለሚያበላውም ነው። እኔ ፊት እያየሁ ነው የማስተምረው። ግንባሩን የቋጠረ ልጅ ሳይ እመለሳለሁ፣ ዓይኑ የበራ ሳይ እቀጥላለሁ፣ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ሳይ ጠመኔ እወረውራለሁ። ስልክ ግንባር የለውም፤ ጠመኔ ብወረውርበትም የሚሰበረው የራሴ ንብረት ነው።

የቀረጽኩትን አየሁት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መርዶ ልትነግር የመጣች ትመስላለች። አገጬ እንዲህ ነው እንዴ?

ሐሙስ

ጊዜ የለም። ሁለት ክፍል፣ አንድ ስብሰባ፣ የሚታረም ፈተና። ቀረጻ የለም። ኮምፒውተሩ በመተላለፊያው ላይ አገኘኝና "ቲቸር፣ የእርስዎ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ። በትሕትና። ትሕትናው ነው የሚያናድደው።

ቅዳሜ

ሹፌሩ ከስልኩ ጋር ስታገል አይቶ አንጀቱ አልቻለም። ወንበሩን ጎትቶ መጣና ከስልኩ ጀርባ ተቀመጠ።

"በይ እኔን አስተምሪኝ።"

"አንተን?"

"ምን አለበት? ተሳፋሪ ነኝ በይ።"

ኢነርሺያን ጀመርኩ። የቆመ ነገር እንደቆመ፣ የሚሄድ ነገርም እንደሄደ መቀጠል ይፈልጋል አልኩ። ራሱን ነቀነቀልኝ። ሞቅ አለኝ፣ እጄ ተፈታ፣ ጠመኔው እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ። መሀል ላይ ግን ሹፌሩ አላስቻለውም።

"ቆይ ቆይ! እኔ ፍሬን ስይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ተንደርድሮ ላዬ ላይ የሚመጣው በዚህ ነው?"

"አዎ። ዝም በል፣ እየተቀረጸ ነው።"

"ታዲያ 'አንተ ሹፌር፣ ሰው ነው የጫንከው ወይስ ጆንያ!' እያሉ ሲሰድቡኝ የኖሩት በኢነርሺያ ጥፋት ነዋ!"

ሳቄ ሳያባራ ቪዲዮው አለቀ። ቆርጬ ላወጣው ታገልኩ፤ አልቻልኩበትም። ባለበት ጫንኩት። ሰኞ ምን ልባል ነው?

ለእሱም አፑን ስልኩ ላይ ከፈትኩለት፤ በመምህሩ ቤተሰብ ስም መመዝገብ ይቻላል ተብለናል። የራሱን ድምፅ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ! እንደገና ከፈተው፣ እንደገና ሳቀ። ከጡረታው ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። 

ሰኞ

ማንም ምንም አላለኝም። ኮምፒውተሩ ብቻ "ከጀርባ ያሉት ሰውዬ ጥሩ ድምፅ አላቸው" አለ። ያሹፍ አያሹፍ አልገባኝም። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ለሹፌሩ ከእንግዲህ ዝም ብለህ ብቻ ተቀመጥ አልኩት። ሁለተኛውን ትምህርት ስቀርጽ አፉን በእጁ አፍኖ ተቀመጠ። ቪዲዮው ጭር ያለ፣ የተስተካከለ ሆነ። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁበት። እንዲህ ነው የሚፈለገው።

ዓርብ

ቁጥሩ ወጥቶ መምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የእኔ ክፍል መጨረሻ ነው። ሲሶ እንኳ አልሞላም።

ሻይ ልቀዳ ስገባ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለቱ የሒሳብ መምህራን ያወሩ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም ጆሮዬን የጣልኩት።

"መምህርነቷንማ ማን ይጠረጥራል።"

"ማንም። ግን ዘመኑ አለፈባት።"

ባዶ ኩባያዬን ይዤ ተመለስኩ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ይወዱኛል ብዬ አምን ነበር። ይፈሩኝ ኖሯል ማለት ነው? ቤታቸው ሲገቡ፣ ጠመኔ የሚወረውርባቸው ሲጠፋ፣ እኔን ከማየት ሌላ ነገር ይመርጣሉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያቺን አገጫም ሴትዮ አላይም።

የፊዚክስ ሰው ነኝ፤ ከቁጥር ጋር ተጣልቼ አላውቅም ነበር። 

ማክሰኞ

ችግሩን በግልጽ ልወቀው ብዬ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ "ስልክ የሌለው እጁን ያውጣ" አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። "እንግዲያው ለምን አታዩም?" ጫማቸውን ጫማቸውን ያያሉ። ከኋላ ወንበር ረጅሟ ልጅ ተነሣች። ዩኒፎርሟ አጥሯት እጅጌው ክርኗ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

"አለን ቲቸር። ይበቃናል" አለች።

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ምን ያስቃል?

ቤቴ ስገባ ነው የገባኝ። እንዴት ያለ የሞኝ ጥያቄ ነው! ልጅ ሆኜ "ጫማው የተቀደደ እጁን ያውጣ" የሚል መምህር ቢመጣ እጄን አወጣ ነበር? እግሬን ከወንበሩ ሥር እደብቅ ነበር እንጂ። ሲያስተምር ያረጀ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። አፈርኩ።

ሐሙስ

ስመጣ ሹፌሩ ቤት አልነበረም። ቆይቶ መጣ፤ አፍንጫው ፀሐይ በልቶታል፣ ታጣፊዋን ወንበር በብብቱ ይዟል።

"የት ነበርክ?"

"ከጓደኞቼ ጋር።"

"ጓደኞችህ ወንበር የላቸውም?"

"አርጅተናል አንቺ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ነው የሚመጣው።"

ስልኩ ሞቷል። ዳታም አልቋል፤ ሙዪልኝ አለኝ። ዳታ ለምንህ ነው ብለው ለዜና አለኝ። ይህ ሰው ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ሰው ነው።

ፈተና ሳርም ደግሞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ይሄ ግፊት የምትይው ነገር፤ ቀጭን ተረከዝ ያደረገች ሴት እግሬን ስትረግጠኝ ከወፍራሙ ሰውዬ ይልቅ የሚያመኝ ለምንድነው?"

"ነገ" አልኩት፤ ቀና ሳልል።

"እሺ ቲቸር" አለና ኩባያዎቹን ሊያጥብ ሄደ።

"ነገ" የሚለውን ቃል በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳልኩት እግዜር ይቁጠረው። አብረን ምሳ ከበላን ቆየን። ጡረታ ሲወጣ ከሰዓት በኋላ አብረን እንውላለን ብዬው ነበር። 

ዓርብ፣ በችኮላ

ጠዋት እጁን ሲታጠብ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየሁ። የመድኃኒት ሰዓት ይሆናል። እየረሳ ነው መሰለኝ። ሐኪም ዘንድ ልውሰደው? ከሴሚስተሩ አጋማሽ በኋላ።

ሰኞ

የሚገርም ነገር። ዛሬ ስለ እንቅስቃሴ ስጠይቅ የኋላ ወንበሮቹ ናቸው እጅ ያወጡት። የፊቶቹ አይደሉም፤ የኋላዎቹ! ረጅሟ መልሳ መልሳ ሲያልቅባት እኔን ጠየቀችኝ፦ "ቲቸር፣ የሞላ አውቶቡስና ባዶ አውቶቡስ እኩል እየበረሩ፣ እኩል ኃይል ባለው ፍሬን ቢያዙ፣ የሞላው ለምን ይዘገያል?" ሌላው ልጅ ሳትጨርስ ቀምቷት "ኢነርሺያው ስለሚበልጥ!" አለ። "እሱማ ገባን፤ ቲቸር እንድታስረዳ ነው የፈለግነው" አለች ረጅሟ። እኔን ነው! እኔን እየፈተነችኝ!

አስረዳሁ። አናታቸውን እየነቀነቁ፣ አንዳንዴም "አልገባኝም፣ እንደገና" እያሉ አስለፈለፉኝ። ድሮ አልገባኝም የሚል ተማሪ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም ነበር።

የፍሬን ነገር ከየት ሰሙ? መቼም አውቶቡስ የማይሳፈር ልጅ የለም። ለማንኛውም ቪዲዮውን እንዳላዩ አፑ ይናገራል። አፑ ወይም ልጆቹ፣ አንዳቸው ዋሽተውኛል።

ረቡዕ

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ከረባት አስሯል። በሩን ራሱ ዘጋው።

"ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፤ አንድ ነገር ከላይ ተጠይቄያለሁ።"

የጠረጴዛውን ኮምፒውተር ወደ እኔ አዞረው። አንድ ስልክ አለ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የእኔን ትምህርት ይከፍታል፣ ያቆማል፣ ያስኬዳል፣ ይጨርሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይከፍታል። ሳምንታት ሙሉ። የተመዘገበው በእኔ ቤተሰብ ስም ነው።

"የእይታ ብዛት ለማሳበጥ ነው የሚል ጥርጣሬ አላቸው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ እርስዎን አውቃለሁ። እነሱ የሚያውቁት ቁጥሩን ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጠሁ ክፍሉን ይወስዱብዎታል። እኔም ላተርፈው አልችልም" አለኝ።

ከቢሮው ወጣሁ። ያመመኝ የክፍሉ መወሰድ አይደለም፤ በማታለል ተጠርጥሬ መወሰዱ ነው። የሰው ወረቀት ላይ ዓይኑን ያሳረፈ ተማሪ ይቅር ብዬ የማላውቅ ሴት!

ረቡዕ ማታ

ልቆጣ ነበር የመጣሁት። ሹፌሩ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ አጠገቡ እንደ ዘበኛ ተቀምጧል።

"ትምህርቴን ለምንድነው ደጋግመህ የምታየው?"

ደነገጠ። መልስ ሲፈልግ አንገቱን የሚያክክ ሰው ነው፤ አከከ አከከና፣ "አንዴ አይገባኝማ። ደጋግሜ ሳየው ነው የሚገባኝ" አለ።

ቁጣዬ እንደ ቅቤ ቀለጠ። እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ክንዴን ዘርግቼ በምነካው ርቀት ላይ ተቀምጬ ወረቀት ሳርም፣ እሱ ቀን ቀን እኔን በስልክ እያየ ይውላል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የሩቆቹን ልድረስ ስል የቅርቡን አጣሁት።

ስለ ዳይሬክተሩ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ዓርብ ዕለትስ ቢሮ ገብቼ ምን እላለሁ? "ክቡር ዳይሬክተር፣ ማታለል አይደለም፤ ባሌን ናፍቄው ነው" ልበል? ሌላ መልስ የለኝም። እሱን ነው የምለው። ይሳቁ። 

ሐሙስ

ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው።

የከሰዓት በኋላውን ስብሰባ ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ። ዳቦ ገዛሁ፤ ዛሬ እንኳ አብረን እንብላ ብዬ። ቤት ውስጥ የለም፤ ወንበሯም የለችም። የሰፈራችን ባለሱቅ "ጋሼን ነው? በዚህ ሰዓትማ ማዞሪያው ላይ ናቸው። ሁልጊዜ እኮ ነው" አለችኝ፤ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ።

ማዞሪያው ድሮ የእሱ አውቶቡስ የሚያድርበት የመጨረሻው ፌርማታ ነው። መስመሩ ሲቀየር አውቶቡስ መምጣቱን ተወ፤ ጣሪያውና አግዳሚዎቹ ግን ቀርተዋል። ዝናብ ጀመረ። ሳልደርስ ከሩቁ አንዲት ሴት ስታወራ ሰማሁ። ቆጣ ቆጣ የምትል፣ ቸኳላ ሴት። ድምፄ ነው።

ከግድግዳው ጥግ ቆሜ አየሁ። ሹፌሩ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ የአውቶቡስ ሰዓት ይለጠፍበት የነበረው ሰሌዳ ላይ ተሰክቷል። አግዳሚዎቹ ሞልተዋል፤ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው የተቀመጡ አሉ፤ ቆመው በሰው ትከሻ ላይ የሚያዩ አሉ። የእኔ ልጆች ናቸው። የኋላ ወንበሮቹ፣ ከፊሎቹም የመሀሎቹ። አፑ "አላዩም" ያላቸው በሙሉ።

ሹፌሩ ጣቱን ሰዶ ስልኩን ነካ። ስልኩ ውስጥ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

"እዚህ ላይ እኔ ከመንገድ ወጥቻለሁ። ማነው የሚመልሰኝ?" አለ።

እየተጋፉ ተነሡ። አንዱ አስረዳ። "አልገባኝም" አለ ሹፌሩ። ልጁ በሌላ መንገድ ሞከረ። "አሁንም።" ረጅሟ ጫማዋን አውልቃ በጭቃው ላይ አንዴ በጠፍጣፋው፣ አንዴ በተረከዙ ወጋች፤ የጠለቀውንና ያልጠለቀውን አሳየችው። "ሀ! እንደዚህ በይኛ!" አለና መዳፉ ላይ ጻፈ። "በሉ እንነዳ!" ስልኩን ነካ፤ እኔም መናገሬን ቀጠልኩ።

አንዳንዱን እያወቀ ነው አልገባኝም የሚለው። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬያለሁ። አንዳንዱን ግን እውነትም አላወቀውም፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ትከሻቸው ይሰፋል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከሥራ የመጡ ሌሎች ደረሱ፤ አንዱ የዱቄት አቧራ በፀጉሩ ላይ ነው። "ገና አላረፈዳችሁም፣ ግቡ፣ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው" አለና ከመጀመሪያው ከፈተው። 

ወጣሁና ቆምኩ። መጀመሪያ ያዩኝ ልጆቹ ናቸው፤ ግር ብለው ተነሡ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። እሱም ተነሣ። "ተያዝን" አላቸው።

መቆጣት አቃተኝ። ዝናብ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ። 

በአንድ ጃንጥላ እየተመለስን ነገረኝ። አንድ ቀን ሲያልፍ ረጅሟ ስንጥቅ ስልክ ይዛ ሌሎቹ ከበዋት ያያሉ፤ ትምህርቱ መሀል ላይ ዳታው አለቀ። "ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ቤቴ ነው ያለችው" ብሎ የራሱን ስልክ አወጣ። በቃ ያ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትመጫለሽ።"

"ብመጣስ?"

"ብትመጪ ታስተምሪያለሽ። አንቺ ካስተማርሽ እኔ ምን ልሥራ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዳቦው ረጥቦ ነበር፤ እንዲያው በላነው።

ዓርብ

ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና ካላየሁ አላምንም አለ። ከሰዓት በኋላ ወሰድኩት። ሹፌሩ ከረባቱን አይቶ ፈጽሞ አልደነገጠም፤ "ጌታዬ፣ በሩ ላይ አይቆሙ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ" አለው። ጠጋ አለ። እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቶሎ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ አልተነሣም።

ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦ "ለላይኞቹ እኔ ራሴ እናገራለሁ። አፑ የሚቆጥረው ስልክ ነው፤ እኔ ልጆቹን እቆጥራለሁ። ግን ልጅ በዝናብ መንገድ ላይ አይማርም። ከሰኞ ጀምሮ ቤተ ሙከራውን እከፍትላቸዋለሁ። በትልቅ ስክሪን፣ ከእርስዎ ጋር ይማሩ።"

ተረፍኩ! ክፍሌ ተረፈልኝ! ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። ለሹፌሩ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ቤተ ሙከራውን፣ ስክሪኑን፣ ሁሉንም።

"እንኳን ደስ አለሽ ቲቸር" አለኝ። ከልቡ ነው፤ ግንባሬን ሳመኝ። "ዝናቡንስ እኔም ስፈራው ነበር።"

ከዚያ ወንበሯን አጠፈና ከበሩ ኋላ አስገባት። ስልኩን ከላስቲኩ አወጣ። ጫማውን አምጥቶ መወልወል ጀመረ።

እሑድ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትናንትም ዛሬም ጫማ ወለወለ። 

"እኔ ምን ልሥራ?" ያለኝ ቀልድ አልነበረም። አጠገቤ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆኖ ነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ ስቄ ባልፍ ራሴን ይቅር አልልም ነበር። እናፍቀዋለሁ ብዬ ስንቱን አስቤ ነበር! የናፈቀው እኔ አይደለሁም፤ ሰው የሚሳፈርለት ነገር ነው።

ሰኞ

ደወል ሳይደወል ዳይሬክተሩ ቢሮ ነበርኩ።

"ቤተ ሙከራው ይቅር" አልኩት።

"ምነው ቲቸር? ዝናቡስ?"

"ጣሪያ አለው። በጎን የሚገባውን በሸራ እንጋርዳለን፤ ሸራ ከእኔ።"

"ማን ይቆጣጠራቸዋል?"

"ባለቤቴ።"

"መምህር አይደሉም እኮ።"

"አይደለም። ለዚያ ነው የሚሆነው። እኔ ፊት አልገባኝም ብለው የማያውቁ ልጆች ለእሱ ሲያስረዱ ይውላሉ። እኔ ከገባሁ ሁሉም ደብተር አውጥቶ ይገለብጣል።"

ይህን መናገር አልወደድኩም፤ እውነት ነው ግን። ዳይሬክተሩ ከረባቱን አላላ። ከላይ ሰው ቢመጣብኝ ምን እላለሁ አለኝ። ፌርማታ ነው፣ ይሳፈሩ ይበሏቸው አልኩት። ሳይወድ ሳቀ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ብቻ አለኝ። ክፍሌም እስከዚያው ከእኔ ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ለሹፌሩ እውነቱን አልነገርኩትም። "የቤተ ሙከራው ቁልፍ ጠፍቷል አሉ። ልጆቹ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ ጆሮዬ ይቀላል።

"ቁልፉ ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው እናንተ ያላችሁ" አለና ወንበሯን ከበሩ ኋላ አወጣት።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ በማዞሪያው በኩል ዞርኩ። መንገዴ አይደለም። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ዛፉ ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። አላዩኝም። ሸራው ጥሩ ይዟል።

የሰበቃ፣ የመፋተግ ኃይል ትምህርት ነው፤ ባለፈው እሑድ የቀረጽኩት። ድምፁ አይሰማኝም፤ ግን ስልኩን ሲያቆመው፣ ረጅሟም ስትነሣ አየሁ። ታስረዳዋለች። አንድ እጇን ጎማ አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ ታንሸራትታለች። ከዚያ ሰበቃው የሚገፋበትን አቅጣጫ አሳየች። ወደ ፊት። የሚቆም አውቶቡስ ላይ ወደ ፊት! ተሳስታለች፤ ወደ ኋላ ነው። ሹፌሩም ራሱን እየነቀነቀላት ነው። ሌሎቹም እንደዚያው። 

አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ ወረደ። ጃንጥላዬን አጠፍኩ ሁሉ። ይህን ስሕተት ከነሥሩ ካልነቀሉት ፈተና ላይ ይበቅላል፤ አውቀዋለሁ። በሁለት ቃል የሚታረም ነው። 

ሹፌሩ አንገቱን ማከክ ጀመረ። እጁን ልክ እንደሷ አድርጎ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው።

እግሬን መለስኩ። ወደ ቤት ሄድኩ።

እራት ላይ፣ "ቲቸር፣ እኔ ፍሬን ስይዝ መንገዱ ጎማውን የሚገፋው ወደ የት ነው?" አለኝ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነከስኩት።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። ኩባያውን ወደ መሀል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነዳው፣ አቆመው፣ እንደገና ነዳው። በመሪ ላይ የኖረ እጁ ጠረጴዛዬን ሞላው። ከዚያ ስለ ቁልቁለቱ፣ ዝናብ ስለመታው አስፋልት፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ጎማው ጀመረልኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራ፤ እኔም አላቋረጥኩትም።